ሜምብሬኑ ሳይሆን አየሩ ይተመን

በአዲስ አበባ ደጋ በ20 ዲግሪ ሙቀት የሚገኝ ውኃና በአብርሃ ጅራ ቆላ እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውኃ፣ ያኛው በሳሳ አየር ይኸኛው በፀሐይ ግለት የተፈተኑ ቢሆኑም፣ በአንድ ሊትር ሊይዙት የሚችሉት ኦክስጅን ከሞላ ጎደል እኩል፣ ይኸውም 7 ሚሊግራም ያህል ነው ቢባል ነገሩ እንቆቅልሽ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያለ የ20 ዲግሪ ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ሲወርድ የኦክስጅኑን ድርሻ አብሮ ይዞት ይወርዳል፤ አብርሃ ጅራ ያለችበት የምዕራብ አርማጭሆና የመተማ ሜዳ ደግሞ አብዛኛው ከ1,000 ሜትር በታች የተዘረጋ ስለ ሆነ በግፊቱ በኩል የሚያጣው ጥቂት ሲሆን ቀሪውን ሙቀቱ ይወስድበታል።

ይህን የማነሣው በአኀዝ ለመራቀቅ አይደለም። የቆላ ከተሞቻችን እየሰፉ፣ ሕዝባቸው እየበዛ፣ የፍሳሻቸው ነገር ከጓሮ ጉድጓድ አልፎ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ እየሆነ በሚሄድበት በዚህ ዘመን፣ ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ሲወራ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል፤ አንደኛው «በዚህ ሐሩር ምን ዘመናዊ ማጣሪያ ይሠራል» ብሎ ጥፋቱን ሁሉ በፀሐይዋ ላይ የሚጥል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሜምብሬን የሚባለው ስስ ማጣሪያ ከውጭ ተገዝቶ የተተከለ ዕለት ችግሩ ሁሉ የሚፈታ የሚመስለው ነው። ሁለቱም አየሩን አላሰቡትም። በእኔ አስተያየት የሜምብሬን ጣቢያ እውነተኛ ዋጋው ለሜምብሬኑ አንድ ጊዜ የሚከፈለው ሳይሆን ዕለት ዕለት ወደ ገንዳው ለሚነፋው አየር የሚከፈለው ነው፤ ስለዚህም ፀሐይና ሜዳ የተረፈው፣ መብራትና የውጭ ምንዛሪ ግን ያልተረፈው እንደ አብርሃ ጅራ ያለ ከተማ ይህን መሣሪያ ለጊዜው ለሌሎች ትቶ በሌላ መንገድ ቢሄድ ይበጀዋል።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ነፋስን፣ እሳትን፣ ውኃንና መሬትን አራቱ ባሕርያት ይሏቸዋል፤ በጠባያቸው የማይስማሙትን እነዚህን አራቱን አስማምቶ ያኖረ የፈጣሪ ጥበብ እንደ ሆነም ያስረዳሉ። የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ፣ ነገሩን በዚሁ በሊቃውንቱ አነጋገር ለማስቀመጥ ይፈቀድልኝና፣ ከአራቱ ሁለቱን ማለት ነፋስንና ውኃን በግድ ማስታረቅ ነው። በቆሻሻው ውስጥ ያሉት ደቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን የሚበሉት እየተነፈሱ ነው፤ የሚተነፍሱት ኦክስጅን ግን ውኃ ውስጥ ገብቶ መሟሟት አለበት፤ ውኃም በባሕርይው ይህን እንግዳ በብዛት አያስገባም። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1803 ውኃ ከአየር የሚቀበለው በላዩ ባለው ግፊት ልክ መሆኑን በመለካት አረጋገጠ። ሄንሪ የማንችስተር ሰው ነበረ፤ ከመቶ ዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1914፣ በዚያችው በማንችስተር ኤድዋርድ አርደርንና ዊሊያም ሎኬት በፍሳሽ ላይ አየር እየነፉ፣ የሚዘቅጠውን ጭቃ መሰል ነገር ሳይጥሉ ለሚቀጥለው ፍሳሽ መልሰው ቢጠቀሙበት፣ ተሕዋስያኑ በውስጡ እየበዙ ሥራው ከሳምንታት ወደ ሰዓታት እንደሚያጥር አሳዩ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ትልልቅ የማጣሪያ ጣቢያዎች አብዛኞቹ የዚህ ሙከራ ልጆች ናቸው።

የአርደርንና የሎኬት ጥበብ አንድ ጣጣ ነበረበት፤ ዝቃጩን ከነጻው ውኃ ለመለየት በሌላ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ረግቶ እስኪወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዝቃጩ እጅግ ከወፈረም በወጉ አይረጋምና በሊትር ከ3 ወይም ከ4 ግራም በላይ ማወፈር አይመከርም። በ1989 ጃፓናዊው ካዙኦ ያማሞቶና ባልደረቦቹ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸውን ስስ ማጣሪያዎች በዚያው በገንዳው ውስጥ ነክረው ንጹሑን ውኃ በመምጠጥ ብቻ መለየት እንደሚቻል ባሳዩ ጊዜ ማርጊያው ገንዳ አላስፈላጊ ሆነ። የእነዚህ ሜምብሬኖች ቀዳዳ ከ0.04 እስከ 0.4 ማይክሮን ስለሚሆን ኮሌራን የሚያመጣው ተሕዋስ እንኳ፣ ከዚያ የሚወፍር ነውና፣ ሾልኮ አያልፍም። ዝቃጩም መርጋት ስለማይኖርበት እስከ 10 ወይም 12 ግራም ድረስ ሊወፍር ይችላል፤ ሦስት እጥፍ ተሕዋስያን በአንድ ገንዳ ማኖር ማለት ደግሞ ገንዳውን ማሳነስ ማለት ነው። መሬት በካሬ ሜትር በሚሸጥበት ከተማ ይህ ትልቅ በረከት መሆኑን መካድ ግብዝነት ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ለተሠሩ የጋራ መኖሪያ መንደሮች፣ ማለት ለኮንዶሚኒየሞቹ፣ ሜምብሬን ያላቸው ጣቢያዎች የተተከሉትም በዚህ ምክንያት ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ አንድ ጠብታ ወደ ውጭ ሳያፈስ በሜምብሬን እያጣራ መልሶ ለፋብሪካዎቹ እንዲሰጥ ሆኖ ታነጸ፤ የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የሌለው፣ የገባበትን ቀለምና ጨው ይዞ የሚኖር ሐይቅ ነውና በዚያ ስፍራ ይህን ያህል ወጪ ማውጣት ተገቢ ነበረ።

ነገር ግን የሜምብሬኑ ጽድቅና ኀጢአት የበቀሉት ከአንድ ሥር ነው። ገንዳውን ያሳነሰለት ውፍረት ራሱ አየሩን ይከለክላል። አረፋ በጠላ ውስጥና በወፍራም አጥሚት ውስጥ አንድ ዓይነት አወጣጥ እንደሌለው ማንም ባለሙያ ሳይነግራት የቤት እመቤት ታውቀዋለች፤ በወፍራሙ ውስጥ ደቃቃዎቹ አረፋዎች እየተጋጠሙ ትልልቅ ይሆናሉ፣ ውኃውን የሚነኩበት ገጽ ይቀንሳል፣ ፈጥነውም ወደ ላይ ያመልጣሉ። መሐንዲሶች አንድ የአየር መንፊያ በንጹሕ ውኃ ውስጥ የሚያሟሟውን ኦክስጅንና በፍሳሽ ዝቃጭ ውስጥ የሚያሟሟውን እያነጻጸሩ ውጤቱን አልፋ በሚባለው የግሪክ ፊደል ይጠሩታል። በጀርመን አገር የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት ዝቃጩ በሊትር 3 ግራም ሲሆን አልፋ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ 10 ግራም ሲደርስ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ 12 ግራም ላይ ከሦስት አንድ እጅ እምብዛም አይበልጥም። የልብስ ማጠቢያ ሳሙናና ኦሞ የበዛበት ፍሳሽ ሲሆን ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

በዚህ ላይ የሜምብሬኑ የራሱ ጥያቄ ይጨመራል። ዝቃጭ በማጣሪያው ገጽ ላይ እየተለጠፈ እንዳይደፍነው ከሥር ትልልቅ አረፋዎች ያለማቋረጥ እየወጡ ሊጠርጉት ይገባል፤ እነዚህ ትልልቅ አረፋዎች ለመጥረግ እንጂ ለማሟሟት የተፈጠሩ ስላልሆኑ የሚያወርዱት ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ገንዳ ሁለት ዓይነት አየር ይጠይቃል፤ አንዱ ለተሕዋስያኑ እስትንፋስ፣ ሁለተኛው ለማጣሪያው ጽዳት። በዓለም ዙሪያ በተጻፉ የሥራ መዛግብት ላይ ተራው የዝቃጭ ጣቢያ ለአንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ከ0.3 እስከ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ የሜምብሬኑ ከ0.6 እስከ 1 የሚፈጀው፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹና ከዚያ በላይ የሚሆነው ለአየር የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ተከሰሰው ሙቀት እንመለስ። ሙቀት የውኃውን መያዣ ያጠብባል መባሉ እውነት ነው፤ በዚያው ሙቀት ግን ኦክስጅኑ ከአረፋው ወደ ውኃው የሚሻገርበት ፍጥነት ይጨምራል፤ ከ20 ዲግሪ ወደ 30 ሲወጣ በመቶ 27 ያህል። ስለዚህ የአብርሃ ጅራ ፀሐይ በአንድ እጇ የወሰደችውን በሌላው እጇ በከፊል ትመልሳለች፤ ከአዲስ አበባ ደጋ ጋራ ሲነጻጸርም በማሟሟት ረገድ ቆላው ይሻላል እንጂ አይብስም። ሙቀቱ የሚያስከፍለው በሌላ በኩል ነው፤ ተሕዋስያኑ ይነቃሉ፣ ይቸኩላሉ፣ በብርዱ አገር ሳይነካ ሊቀር የሚችለውን አሞኒያ እንኳ ይበሉታል፤ አንድ ኪሎግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ ደግሞ 4.57 ኪሎግራም ኦክስጅን ይጠፋል። ፍርዱ በፀሐይዋ ላይ ሳይሆን በወፈረው ዝቃጭና በነቃው ተሕዋስ ላይ ሊሆን ይገባዋል ማለት ነው።

አንባቢ አኀዝን ካልጠላ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። 20,000 ነፍስ ያላት አንዲት የቆላ ከተማ ትኑር እንበል፤ ቧንቧ ተዘርግቶላት ፍሳሿ ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ ይምጣ። አንድ ሰው በቀን የሚጥለው የሚበሰብስ ቆሻሻ 40 ግራም ኦክስጅን የሚጠይቅ፣ ናይትሮጅኑም 8 ግራም ቢሆን፣ ለከተማዋ በጠቅላላው በቀን 1,500 ኪሎግራም ያህል ኦክስጅን ያስፈልጋል። ሻጩ በሚያመጣው ማስታወቂያ ላይ መንፊያው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 4 ኪሎግራም ኦክስጅን ያሟሟል ተብሎ ቢጻፍ ገዢው አካፍሎ 375 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይበቃኛል ብሎ ደስ ይለዋል። ማስታወቂያው ግን የተጻፈው ለንጹሕ ውኃ፣ ለ20 ዲግሪ፣ ለባሕር ጠለልና ጨርሶ ኦክስጅን ለሌለው ገንዳ ነው። በእውነተኛው ገንዳ ተሕዋስያኑ እንዳይታፈኑ ሁልጊዜ 2 ሚሊግራም መቆየት ስላለበት፣ ውኃውም ከ7 በላይ ስለማይዝ፣ የሚገፋው ኀይል ከ9 ወደ 5 ይወርዳል፤ ሙቀቱ ከጎደለው ጥቂቱን ይመልሳል፤ የዝቃጩ ውፍረት ደግሞ የቀረውን ከግማሽ በታች ያደርሰዋል። ሁሉም ተባዝቶ ሲያበቃ 375 የነበረው 1,250 ይሆናል፤ የማጣሪያው መጥረጊያ አየር ሲጨመርበት ወደ 1,600 ይጠጋል። ይህ የአንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ የመብራቱን ሒሳብ ከየት ያመጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተስፋ አስቆራጭ ሊባል አይገባውም።

መብራቱስ ቢጠፋ? በወፈረ ዝቃጭ ውስጥ የተሟሟው 2 ሚሊግራም ኦክስጅን አየሩ በቆመ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ ያልቃል። ከዚያ ጀምሮ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ፣ ለጄኔሬተሩም ናፍጣ ካልተገኘ፣ ገንዳው ይገማል፤ ሳይጠረግ የሚመጥ ማጣሪያም ይደፈናል። ሜምብሬኑን በኬሚካል ማጠብ፣ ከዓመታትም በኋላ ጨርሶ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚከፈለው ደግሞ በብር አይደለም። ከሁሉ በላይ የምዕራብ ጎንደር ቆላ የራሱ የሆነ ወራት አለው፤ የሰሊጡ አረምና አጨዳ በደረሰ ጊዜ ከደጋው ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ይወርዳል፤ ከተሞቹ ከክረምት እስከ መኸር ይሞላሉ፣ አዝመራው ሲገባ ይጎድላሉ። በሰኔ ሞልቶ በጥር የሚጎድል ሕዝብ ለመንፊያና ለሜምብሬን የከፋ ባላጋራ ነው፤ ለብዙው ተብሎ ቢሠራ ግማሹን ዓመት ያለ ሥራ አየር ይነፋል፣ ለጥቂቱ ተብሎ ቢሠራ በሰሊጥ ወራት ይታፈናል።

ይህን ሁሉ ያልኩት የአየሩ ነገር በሌላ መንገድ ሊፈታ ስለሚችል ነው። የዋና ከተማችን ትልቁ የማጣሪያ ጣቢያ ቃሊቲ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ሲስፋፋ የተመረጠለት ሥርዓት መጀመሪያ አየር በማይሹ ተሕዋስያን ቆሻሻውን የሚያቀልል፣ ቀጥሎም ፍሳሹን በተከመረ መደብ ላይ እየረጨ ከነፋሱ በራሱ እንዲተነፍስ የሚያደርግ ነው። አዲስ አበባ እንኳ ለብዙው ፍሳሿ አየር መግዛት ካልፈለገች፣ አብርሃ ጅራ የምትገዛበት ምክንያት አይታየኝም። የቆላው ፀሐይ ደግሞ ከዚህ የቀለለ ነገር ይዛለች። ፍሳሹ መጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ሜትር ጥልቀት ባለው ኩሬ ገብቶ ያለ አየር ይብላላል፤ ይህ ሥራ በብርድ አገር ሲያዘግም በ25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ግን የቆሻሻውን ከግማሽ የሚበልጥ እጅ ያጠፋል። ከዚያ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ ወደ ሆነ ኩሬ ሲያልፍ አረንጓዴው አልጌ የፀሐይዋን ብርሃን እየበላ ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ በእኩለ ቀን ውኃው ከመያዣው ልክ አልፎ እስኪሞላ ድረስ። በነዚህ ኩሬዎች ጥናት ስሙ የታወቀው የሊድስ ዩኒቨርሲቲው ዳንከን ማራ ባወጣው ቀመር መሠረት በ25 ዲግሪ አንድ ሄክታር ኩሬ በቀን 350 ኪሎግራም የኦክስጅን ጥያቄ ሊሸከም ይችላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ይህም ይጨምራል። ያቺ የ20,000 ነፍስ ከተማ ለመጀመሪያው፣ ለሁለተኛውና በሽታ የሚያመጡት ተሕዋስያን በፀሐይና በጊዜ ለሚሞቱባቸው ለመጨረሻዎቹ ኩሬዎች 4 ሄክታር ያህል ቢሰጣት ይበቃታል። ሰሊጥ በመቶ ሄክታር በሚታረስበት አገር 4 ሄክታር ምንድን ነው? የሠራተኛው መብዛትና መጉደልም የሳምንታት ፍሳሽ የሚይዘውን ኩሬ እንደ ገንዳው አያስጨንቀውም።

ኩሬ እንከን የለበትም አልልም። በዚያ ፀሐይ ከውኃው ብዙው ይተናል፤ የመጀመሪያው ኩሬ በየጥቂት ዓመቱ ዝቃጩ መውጣት አለበት፤ ዳር ዳሩ ሣር ከበቀለ ትንኝ ይራባበታል፣ መተማና አካባቢዋም ወባን ጠንቅቀው ያውቋታል። እነዚህ ግን በማጭድ፣ በአካፋና በጉልበት የሚታከሙ ደዌያት ናቸው፤ የአካባቢው ሰው የሚችላቸው ናቸው።

«ኮሌራን የሚያግደው ሜምብሬን ነው» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል፤ መልሱም ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በመተማ በኩል ስደተኛ ጎርፎ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኩመር መጠለያ ኮሌራ ሰው እንደ ቀጠፈ፣ በዚያው ክረምትም በቋራ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ሥፍራ እንደ ተነሣ የሚረሳ የለም። ነገር ግን በእነዚህ ስፍራዎች የጎደለው መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ የሚጠጣ ውኃ ነበረ፤ ፍሳሹ ቧንቧ ገብቶ ወደ ጣቢያ ባልመጣበት ስፍራ የጣቢያው ማጣሪያ ቢረቅ የሚይዘው ነገር የለም። አብርሃ ጅራም ዛሬ የጉድጓድ ከተማ ናት፤ ቅድሚያው ለጉድጓዱ፣ ለሚመጥጠው ቦቴና ቦቴው ለሚደፋበት ስፍራ ነው። ከዚያ በኋላ ለሆስፒታል፣ ወይም ውኃው ያለ ስጋት መልሶ ሊያገለግል ለሚገባው ጠባብ ግቢ፣ ሜምብሬን ቢመጣ አልቃወምም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ አየሩ በአረፋ ሳይሆን በሜምብሬኑ ግድግዳ በኩል ሰርጎ በላዩ ለተለጠፉት ተሕዋስያን የሚደርስበት ሌላ ስልት ወጥቷል፤ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተጀመረው ኦክሲሜም ከእነዚህ አንዱ ነው። አረፋ የለውምና የአልፋው ጣጣ አያገኘውም። ዋጋውና መለዋወጫው ገና የሩቅ አገር ቢሆንም ስሙን መዝግቦ መያዝ አይከፋም።

ስለዚህ ለዞኑና ለወረዳው የውኃ ባለሙያዎች የምለው አጭር ነው። ሜምብሬን ይዞ ለሚመጣ ሻጭ ጨረታ ሲወጣ መንፊያው በንጹሕ ውኃ የሚሠራውን ሳይሆን በ10 ግራም ዝቃጭ፣ በ30 ዲግሪና በዚያ ከፍታ የሚሠራውን በጽሑፍ እንዲያስረዳ፣ በርክክቡም ቀን በዚያው በገንዳው ውስጥ ተለክቶ እንዲያሳይ በውሉ ይግባ፤ ይህን የማይቀበል ሻጭ ዋጋው ቢረክስም ይመለስ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ለኩሬው የሚሆነው 4 ሄክታር ከተማዋ ሳትሰፋ፣ መሬቱም ለቤት ሳይመራ ወይም ለሰሊጥ ሳይመነጠር ዛሬውኑ ይከለል፤ በጓንግም ሆነ በአንገረብ ወደ አትባራ የሚወርደው ውኃ ድንበር ተሻግሮ የሚጠጣ ስለ ሆነ መውጫው ከወንዝ ይልቅ ወደ እርሻ ይሁን፤ ስፍራውም ሲመረጥ በዓመቱ ውስጥ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ ከተማው ውስጥ ከሚኖሩ አዛውንት ይጠየቅ፤ የመጀመሪያው ኩሬ ሽታ አለውና።